ሕንፃን ፎቶ ስናነሳ፦ ለጀማሪዎች ስለ ብርሃንና ቅንብር

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ምንጩ ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየው የመጀመሪያው የካሜራ ፎቶግራፍም የሕንፃ ነው። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 እ.ኤ.አ. ከቤቱ መስኮት ሆኖ ያነሳው ነው። ፎቶው ብዙ ሰዓት ስለፈጀ ፀሐይ ዞራ የግራውንም የቀኙንም ግድግዳ አብርታለች። የዛሬ ካሜራ ግን በቅጽበት ስለሚያነሳ አንዱን ወገን መምረጥ ግድ ነው።

ምርጫውን እስቲ በጎብዬ እንየው። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ከደቡብ ወደ ሰሜን ያልፋል። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያደረጉ ቤቶች ወይ ምሥራቅን ወይ ምዕራብን ያያሉ ማለት ነው። ከመንገዱ በስተምዕራብ ያሉት ፊታቸው የሚበራው ጠዋት ነው፤ በስተምሥራቅ ያሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ታዲያ ማታ ላይ አነሳለሁ ብሎ መዘግየት አያዋጣም። በምዕራብ በኩል ተራራ ስላለ ጥላው ቀድሞ ሜዳው ላይ ይወርዳል።

ቀትር ላይስ? ጎብዬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ በአናት ላይ ትሆናለች። ያኔ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ በረንዳው ይጨልማል፤ ካሜራ ደግሞ ሁለቱን እኩል ማሳየት ያቅተዋል። ይሁን እንጂ ቀትር ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ያለው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ ስለሆነ ብርሃን እስከ ታች የሚደርሰው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው።

ነገሩ ለጋዜጠኛ ከውበት ያለፈ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ውስጥ የራያ ቆቦ አካባቢ የውጊያ ሜዳ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ የተጎዳ ትምህርት ቤት ብናነሳ ፎቶው ማስረጃ ነው። ብርሃኑ ፊት ለፊት ከመጣ ስንጥቁ ይጠፋል። ከጎን ገረፍ ካደረገው ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ግን ተራ የምርጊት ጉድለትም የፈረሰ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ብርሃን ማንሳትና ሰዓቱን መጻፍ ይበጃል።

አቋቋማችንም እንደዚያው ነው። ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ካደረግነው ደህናው ግድግዳ ወደ ኋላ ያዘመመ ይመስላል። ያው መፍትሔው ራቅ ብሎ መቆምና ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ በር ወይም ሰው በፍሬሙ ውስጥ ይግባ። መጀመሪያ ሙሉ ሕንፃውን፣ ቀጥሎ ቀረብ ብለን ጉዳቱን እናንሳ። ቀረብ ያለው ብቻውን ከወጣ አንባቢ ሕንፃው ሁሉ የፈረሰ ሊመስለው ይችላል።

ለመለማመድ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። በግቢያችን አንድ ሕንፃ መርጣችሁ፣ ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቁ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ አንሱትና ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የትኛው እውነቱን እንደሚናገር ያኔ እንከራከራለን።