አንድ ኮምፒዩተር፣ ሦስት አማርኛ

ሳሪስ አቦ ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ውስጥ ተራ የጠበቀ ሰው ጸሐፊዋ በደንበኛና በደንበኛ መሀል የምታደርጋትን ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። በግራ እጇ አልትና ሺፍትን ጫን ታደርጋለች፤ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ምልክት ይለወጣል፤ አሁን የቤት ኪራይ ውል በአማርኛ ሲጽፍ የነበረው ኪቦርድ ለቀጣዩ ባለ ሲቪ እንግሊዝኛ ይሆናል። ቀላሉ ቅያሬ ይኼ ነው። ከባዱ የሚመጣው አንድ የእድር ሊቀ መንበር ፍላሽ ይዘው ሲገቡ ነው።

«ልጄ፣ እዚህ ደንብ ላይ አንዲት አንቀጽ ጨምሪልኝ።»

«እሺ ጋሼ፤ በምንድን ነው የተጻፈው?»

«በአማርኛ ነዋ!»

መልሱ ልክ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አይበቃም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ቢሮዎች የሚጽፉት በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ሶፍትዌሮች ነበር። የዚያን ጊዜ ፎንት ከ256 የበለጠ ቦታ የለውም፤ የኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ፊደሉን በላቲን ምልክቶች ቦታ ላይ አሰፈሩት፤ ያውም እያንዳንዱ በየራሱ ድልድል። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው «ለ» ሳይሆን አንድ የፈረንጅ ምልክት ነው፤ «ለ» አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከጠፋ የእድሩ ደንብ ዝባዝንኬ ይሆናል። መልክና ጽሑፍ እንዲህ ተጣብቀው ነበር።

ፕሮግራመሮች የሚጽፉባቸው ኤዲተሮች ግን መልክንና ጽሑፍን ይለያያሉ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጂኤንዩ ኢማክስን እንይ። የቀለሙ፣ የአቋራጭ ቁልፎቹ፣ የተጨማሪ መሣሪያዎቹ ምርጫ ሁሉ በአንድ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኤዲተሩ ሲነሳ ያንን ያነባል። ጽሑፉ ሌላ ቦታ ነው። አቃፊውን ብትቀይሩ መልኩና ጠባዩ ይለወጣል እንጂ ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ አትነካም። ችግሩ የአቃፊው ቦታ አንድ ብቻ መሆኑ ነበር፤ የሌላ ሰው ቅንብር መሞከር የፈለገ የራሱን ስም እየቀየረ ገለል ማድረግ ነበረበት። በ2023 እ.ኤ.አ. ግን የኢማክስ 29ኛ እትም ሲነሳ «ይህኛውን አቃፊ አንብብ» ተብሎ እንዲታዘዝ ፈቀደ። ሌላው ኤዲተር ኒዮቪም በዚያው ዓመት፣ በ0.9 እትሙ፣ ለእያንዳንዱ ቅንብር የራሱን ስም መስጠት ቻለ። አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለሙከራ፣ አንዱ ለአማርኛ ድርሰት። እኔ ከሁሉ የምወደው ባዶውን ነው፤ ምንም ቅንብር ሳያነብ አስነስቼ ችግሩ ካልጠፋ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ኢማክስ አማርኛ ከተማረ ቆይቷል። የብዙ ቋንቋ ሰላምታ የተደረደረበት ገጹ ላይ «ሠላም» የሚል አለ፤ በንጉሡ «ሠ» ስለተጻፈ የግዕዝ መምህር ቢያየው ግንባሩን ይቋጥራል። በላቲን ቁልፎች እየነኩ በግዕዝ የሚጽፉበት ስልቱ ደግሞ ስሙ ሴራ ነው። ተንኮል የለበትም፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻረ ቃል ነው።

ወደ ሊቀ መንበሩ ፍላሽ እንመለስ። ጸሐፊዋ አንድ መስመር መርጣ የፎንት ዝርዝሩን አንድ በአንድ ትሞክራለች። ሦስተኛው ላይ «የመተዳደሪያ ደንብ» ብቅ ይላል። አዲሱን አንቀጽ ለመጨመር ግን የምትቀይረው ፎንቱን ብቻ አይደለም፤ ያንኑ የድሮ ሶፍትዌር አስነስታ በእሱ መጻፍ አለባት። በዩኒኮድ ብትጨምረው ወረቀቱ ላይ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት አማርኛ ይቀላቀላል። በዓመቱ አንድ ሰው «መዋጮ» ብሎ ሲፈልግ ኮምፒዩተሩ የሚያገኝለት ያቺን አንዲት አዲስ አንቀጽ ብቻ ነው።