«አይነሣም» ሲባል ምን ማለት ነው?
ስለ ኮምፒዩተር ማስነሻ ስያሜዎች የቀረበ ሐተታ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኮምፒዩተር ኃይል ካገኘበት ቅጽበት አንሥቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ባለው አጭር ጊዜ ለሚከናወኑ ነገሮች የሚነገሩትን ቃላት መርምሮ፣ ለተርጓሚዎች የሚሆኑ ስያሜዎችን ማቅረብ ነው። መነሻ ያደረግነው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የጥገና ቤቶች የሰማነውን አነጋገር ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች አንዱ ደንበኛ ችግሩን በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፤ ጠጋኙ ለሁለቱም በየቋንቋቸው እየመለሰ የክፍሎቹን ስም በእንግሊዝኛ ይጠራል። ስያሜ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

፩. አንድ ግስ፣ ሦስት ብልሽት

ደንበኛው ኮምፒዩተሩን ከጠረጴዛው ላይ ሲያኖር የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ «አይነሣም» የሚለውን ቃል ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚናገረውም «ሂን ካኡ» ይላል፤ ፍቺው ያው ነው። እንግሊዝኛው «ቡት» የመጣው ሰው የገዛ ጫማውን ማንጠልጠያ ስቦ ራሱን ከመሬት ያነሣል ከሚል የቀልድ አነጋገር ነው። አማርኛ ይህን ቀልድ መዋስ አላስፈለገውም፤ «መኪና ማስነሣት» የሚለውን አስቀድሞ ያውቃልና። መኪና ወደ አገራችን ሲገባ የክፍሎቹን ስም ከጣሊያንኛ ወስደን ሞተሪኖ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን አልን፤ ግሱ ግን የራሳችን ሆኖ ቀረ። ኮምፒዩተሩም ያንኑ መንገድ ተከትሏል። ስለዚህ «ማስነሣት» የሚለው ግስ ተመሥክሮለታል፤ ሌላ መፈለግ አያሻም።

ይሁን እንጂ «አይነሣም» የሚለው አሉታዊ ቅርጽ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድነት ይሸፍናል።

ሀ) ኃይል አለመግባት፦ መብራቱ አይበራም፤ ማራገቢያው አይዞርም። ጥፋቱ የሚፈለገው በኃይል መስጫው፣ በገመዱ፣ በባትሪው ወይም በቦርዱ የኃይል መስመር ላይ ነው።

ለ) ፍተሻውን አለማለፍ፦ መብራቱ በርቷል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱን ሲፈትሽ አንድ ነገር አጥቷል። ራሙ ከመሰኪያው ፈቀቅ ማለቱ ብቻ ለዚህ ይበቃል።

ሐ) ተረካቢ ማጣት፦ የአምራቹ ምልክት በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን የሚቀበል ሥርዓተ ክወና አልተገኘም። ጥፋቱ ዲስኩ ወይም በዲስኩ ላይ የተጻፈው ነው።

ልምድ ያለው ጠጋኝ ይህን ልዩነት በዓይኑና በጆሮው ያውቀዋል፤ ስም ግን አልሰጠውም። ስም ባለመኖሩም እውቀቱ ከመምህሩ ወደ ተማሪው የሚተላለፈው አጠገብ ለአጠገብ በመቆም ብቻ ነው፤ በጽሑፍ መመሪያ ሊተላለፍ አልቻለም።

፪. «ፍላሽ» እና የእኛው ስሕተት

ከዚህ የከፋው «ፍላሽ» የሚለው ቃል ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ፍላሽ ማለት ሰነድ የሚያዝበት በኪስ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። በጥገና ቤት ግን ማስነሻው ፕሮግራም የተጻፈበት፣ በቦርዱ ላይ የተበየደው ባለ 8 እግር ቺፕም ፍላሽ ይባላል። ቺፑን ዳግም መጻፍም «ፍላሽ ማድረግ» ነው። አንድ ቃል ለሁለት ዕቃና ለአንድ ድርጊት ይውላል ማለት ነው።

ይህ አሻሚነት ምን እንደሚያስከትል የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። ለጠጋኞች የሚሆን አንድ መመሪያ በተረጐምንበት ጊዜ፣ ሥርዓተ ክወናን ስለ መጫን በሚናገረው ክፍል «ከመቀጠልዎ በፊት ፍላሹን ይደምስሱ» ብለን ጻፍን። ማለት የፈለግነው የኪሱን ዕቃ ነበር። በቡራዩ ረቂቁን እንዲያነብልን የሰጠነው አንድ ወጣት ጠጋኝ ግን መመሪያውን በሥራ ላይ አዋለው፤ ቺፑንም ደመሰሰ። መጠባበቂያ ቅጂ አላስቀረም ነበር፤ መመሪያችን አላዘዘውምና። ዲስኩ ብቻ የታመመው ኮምፒዩተር፣ ከላይ «ሐ» ካልነው ወደ «ለ» ወረደ። ወጣቱ የወቀሰው ራሱን ነበር፤ ጥፋቱ ግን የተርጓሚዎቹ ነበር።

ከዚህ በኋላ «ፍላሽ» የሚለውን ቃል ለኪሱ ዕቃ ብቻ ትተን፣ የቦርዱን «የማስነሻ ቺፕ»፣ ድርጊቱንም «ዳግም መጻፍ» ማለትን መረጥን። በቺፑ ላይ የሚደረጉት ተግባራት አራት ናቸው፦ ማንበብ፣ ማመሳከር፣ መደምሰስና መጻፍ። ጥንቁቅ ጠጋኝ ከመደምሰሱ በፊት ቺፑን ሁለት ጊዜ አንብቦ ቅጂዎቹን ያመሳክራል፤ እኩል ካልሆኑ መቆንጠጫው በሚገባ አልያዘም ማለት ነው። «ፍላሽ ማድረግ» የሚለው አነጋገር አራቱን በአንድ ስለሚጠቀልል፣ ሊዘለሉ የማይገባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይሰውራቸዋል።

፫. ክፍት ምንጭ ለስያሜ የሚሰጠው ጥቅም

በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ማስነሻው ዝግ ነው። አምራቹ በስክሪን ላይ ከሚያሳየን ጥቂት ቃል በቀር ውስጡ ምን እንደሚከናወን አናይም፤ ያላየነውን መሰየም ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ምንጩ ክፍት የሆነው ማስነሻ ይህን ችግር ያቃልላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሮን ሚኒች በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2008 ኮርቡት የሚል ስም የተሰጠው ሊነክስባዮስ ለዚህ ምሳሌ ነው። በኮርቡት ማስነሣት በየደረጃው ተለያይቶ ይታያል። አንጐለ ኮምፒዩተሩ ሲነቃ አስቀድሞ አንዲት አጭር ክፍል ይፈጽማል፤ ሁለተኛው ክፍል እስከዚያ ድረስ የማያገለግለውን ራም ያሰናዳል፤ ሦስተኛው በቦርዱ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ለይቶ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም ሥራው ለሌላ ፕሮግራም ይተላለፋል። ይህን የመጨረሻውን እንግሊዝኛው «ጭነት» በሚል ትርጉም ይጠራዋል። እኛ ግን ቃሉን ሳይሆን ተግባሩን ተከትለን «ተረካቢ» ብለነዋል፤ ጭነት ይጓጓዛል እንጂ ሥራ አይቀበልምና።

ወደ አገራችን የመጣ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በሚለው ዓለም አቀፍ ዕቅድ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስ ኦ የተባሉ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለው ነበር፤ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳም ተነድፎላቸው ነበር። ማስነሻቸው ሚች ብራድሊ ያዘጋጀው፣ ምንጩ ክፍት የሆነው ኦፕን ፈርምዌር ነው። የተጻፈበት ፎርዝ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የመዝገበ ቃላት ባለሙያን በተለይ የሚመለከት ጠባይ አለው፦ በፎርዝ እያንዳንዱ ትእዛዝ «ቃል» ይባላል፤ የቃላቱ ስብስብም «መዝገበ ቃላት» ነው። አዲስ ቃል የሚፈጠረው ቀድሞ በታወቁ ቃላት ሲፈታ ብቻ ነው፤ ያልተፈታ ቃል ከተጠራ ማሽኑ አላውቀውም ብሎ ይመልሳል። የአካዳሚ ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ መጠቀስ አለበት። የቀድሞው የስክሪን የጽሑፍ አሠራር በተለምዶ 256 ምልክቶችን ብቻ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የተመዘገበው ፊደላችን ደግሞ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ የማስነሻን መልእክት በአማርኛ ለማሳየት ፊደሉን እንደ ሥዕል የሚስል ማስነሻ ያስፈልጋል። ክፍት ምንጭ ይህን ለመሥራት ይፈቅዳል፤ በቺፑ ያለው ቦታ ግን ጠባብ ስለሆነ ስያሜው አጭርና የማይምታታ መሆን ይገባዋል።

፬. ስለ ፍተሻ ድምፅ

ስክሪን ሳይበራ ኮምፒዩተሩ የሚናገረው በጩኸት ነው። ይሁንና ይህ የድምፅ ቋንቋ እንደ አምራቹ ይለያያል። በቀድሞዎቹ የአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተሮች አንድ አጭር ድምፅ «ሁሉ ደኅና ነው» ማለት ሲሆን፣ በኤ ኤም አይ ባዮስ ግን የራም ብልሽት ምልክት ነበር። ስለሆነም «አንድ ጊዜ ከጮኸ ደኅና ነው» ብሎ መተርጐም አምራቹ ካልተጠቀሰ ስሕተት ነው። ነገሩ በሰበታ የበለጠ ክብደት አለው፤ በዚያ ለብዙ ዘመን የታወቀ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለና። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የሚሠራው ሥርዓተ ክወናው ከተነሣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለማያይ ሰው የሚደርሰው የፍተሻ ድምፅ ብቻ ነው።

፭. የቀረቡ ስያሜዎች

ማስነሣት፦ ኮምፒዩተርን ከኃይል ማግኘት እስከ ሥርዓተ ክወና መረከብ ማድረስ።

ማስነሻ ፈርምዌር፦ ይህን የሚፈጽመው፣ በቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም። ፈርምዌር የሚለውን ቃል አሸር ኦፕለር እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው «በጠንካራ»ና «በለስላሳ» መካከል ያለ «ጽኑ» ለማለት ነው። አማርኛ ሃርድዌርንና ሶፍትዌርን በውሰት ስለያዘ፣ ሦስተኛውን ብቻ «ጽኑ» ብንለው ተነጻጻሪ ያጣል፤ ስለዚህ ውሰቱን ተቀብለናል።

የማስነሻ ቺፕ፦ ማስነሻ ፈርምዌር የተጻፈበት ቺፕ። «ፍላሽ» አይባልም።

የመነሻ ፍተሻ፦ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ክፍሎቹን የሚመረምርበት ሂደት።

የፍተሻ ድምፅ፦ የፍተሻውን ውጤት የሚገልጽ ጩኸት፤ ሁልጊዜ ከአምራቹ ስም ጋር ይጠቀሳል።

ተረካቢ፦ ማስነሻው ተግባሩን ሲፈጽም ሥራውን የሚቀበለው ፕሮግራም።

ዳግም መጻፍ፦ የማስነሻ ቺፕን ይዘት ደምስሶ በሌላ መተካት፤ ማንበብና ማመሳከር ይቀድሙታል።

ክፍት ምንጭ፦ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሠራጨው የተፈቀደ የፕሮግራም ጽሑፍ።

«አይነሣም» የሚለውን ቃል ከደንበኛው አፍ ማስቀረት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከጠጋኙና ከተርጓሚው የሚጠበቀው «ኃይል አይገባም፣ ፍተሻ አያልፍም ወይስ ተረካቢ አጥቷል?» ብሎ መለየት ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ለሦስቱ አቻ ስያሜ ቢያዘጋጁ፣ በእነዚህ ከተሞች ያለ አንድ ጠጋኝ በሁለቱም ቋንቋዎች ያንኑ ጥፋት በዚያው ልክ ሊለይ ይችላል። ከአንባቢዎች የሚቀርበውን እርማት በደስታ እንቀበላለን፤ በተለይም ቃላቱን በእጃቸው ከሚፈትኗቸው ጠጋኞች የሚመጣውን።