በጡረታ ዘመን ስለ መኖርና ጤናን ስለ መጠበቅ

ጡረታ የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መጦር ማለትም በጕልበቱ ሲያገለግል የኖረውን ሰው ጕልበቱ ሲደክም መመገብና ማልበስ፤ መደገፍም ማለት ነው። ሽማግሎች «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው የሚመርቁትም ስለዚህ ነው። ዛሬ ለመንግሥት ሠራተኛ የጧሪነቱን ሥራ መንግሥትም ከልጅ ጋራ ተካፍሎታል። ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው ከሥራው ተሰናብቶ፤ በሕግ የተወሰነለትን አበል በየወሩ እየተቀበለ እንዲያርፍ ተደርጓል።

ነገር ግን ስለ አበሉ የሚናገር ሕግ ቢኖርም፤ ስለ ውሎው የሚናገር ሕግ የለም። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ማለዳ ተነሥቶ፤ ታጥቦና ለብሶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገሰግስ የኖረ ሰው፤ አንድ ሰኞ ጧት የሚሄድበትን ያጣል። ደጁን የሚጠና ባለጉዳይ፤ የሚፈርመው ወረቀት፤ የሚመክርበት ጉባኤ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀርበታል። ቤተ ሰቡም አክብሮቱን ለመግለጥ «ከእንግዲህስ ይረፉ» እያለ ሥራውን ሁሉ ከእጁ ይቀበለዋል። ልጅ ውሃ ያቀብላል፤ የልጅ ልጅ ጫማ ያመጣል፤ አባትም ከወንበሩ ሳይነሣ ይመሽበታል። ይህ አክብሮት ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ጕዳቱን ማወቅ ግን ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነውም ይህንኑ ነው፤ ሽማግሌን ማክበር ማለት ሽማግሌን ማስቀመጥ ማለት አይደለም።

1ኛ፤ ስለ እግርና ስለ ጕልበት። ዕድሜ በገፋ መጠን የጡንቻ ኃይል በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል፤ መቀመጥ ሲጨመርበት ግን ፈጥኖ ይቀንሳል። ጥቂት ቀን ታሞ ከአልጋ የዋለ ሽማግሌ ሊነሣ ሲል ጕልበቱ እንደሚከዳው ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጕልበት ሲከዳ መውደቅ ይመጣል፤ በመውደቅም የዳሌ አጥንት ይሰበራል፤ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌም ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይራመድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፤ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ ድካም ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፤ በሳምንትም ሦስት ቀን ሚዛንንና ኃይልን የሚያጸና ልምምድ እንዲጨምሩበት መክሯል። ይህ ሲከፋፈል በሳምንት አምስት ቀን፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ነው። ፍጥነቱም ከጓደኛ ጋራ ለመነጋገር የሚያስችል፤ ለመዝፈን ግን የማያስችል ይሁን። ሚዛንን ለማጽናት ደግሞ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፤ ግድግዳ አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር ለጥቂት ጊዜ መቆም ይበቃል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ አባታችሁ ጋዜጣውን ራሱ ሄዶ ይግዛ፤ እናታችሁም ጓሮዋን ራሷ ትኰትኵት። አብራችኋቸው ብትሄዱ መልካም ነው፤ በእነርሱ ፈንታ ብትሄዱ ግን ትጐዷቸዋላችሁ።

ከዚህም ጋራ ቤቱን ለሽማግሌ እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት ያስፈልጋል። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ ሌሊት መብራት አይጥፋ፤ እግር የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣ፤ ደረጃ ካለ መያዣ ይበጅለት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ራሱን ሊያዞረው ስለሚችል፤ በአልጋው ጠርዝ ጥቂት ተቀምጦ ከቈየ በኋላ ቢነሣ ይሻለዋል።

2ኛ፤ ስለ ምግብና ስለ ውሃ። ሽማግሌ ጥርሱ ሲነቀል ሥጋውንና ጥሬውን ትቶ፤ በፍትፍትና በሻይ ብቻ መኖር ይጀምራል። በዚህም ጊዜ ጡንቻ የሚሠራው ምግብ ይጐድልበታል። እንቍላል፤ ወተት፤ ዓሣ፤ በደንብ የበሰለ ምስርና ሽሮ ብዙ ማኘክ የማይጠይቁ ስለ ሆኑ፤ ለዚህ ዕድሜ የተመቹ ናቸው። ጨው ግን ሊቀነስ ይገባዋል። በቀን ውስጥ በወጡም፤ በዳቦውም፤ በሌላውም ምግብ የሚገባው ጨው ሁሉ ተደምሮ ከ5 ግራም፤ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማነስ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ከተጨመረባቸው፤ ወጡ ሲሠራ እንደ ገና መጨመር ጨውን ማብዛት መሆኑን ባለቤት ወይዘሮ ልብ ትበል።

ውሃን በሚመለከት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፤ በእርጅና ጊዜ የመጠማት ስሜት ስለሚደክም፤ ሰውነት ውሃ ሲፈልግ ሰውየው ላይሰማው ይችላል። ሁለተኛው፤ ብዙ ሽማግሎች ሌሊት ለሽንት መነሣትን ፈርተው ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጡም። ከዚህ የተነሣ የሆድ ድርቀትና ራስ ማዞር ያገኛቸዋል። የሚሻለው ቀን በቂ ውሃ ጠጥቶ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓቶች መቀነስ ነው። ልቡን ወይም ኵላሊቱን የታመመ ሰው ግን የውሃውን መጠን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

3ኛ፤ ስለ ዐይንና ስለ ጆሮ። «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያለ ጊዜው ጨለማ ውስጥ አስቀምጧል። በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት፤ ከዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በዐይን ሞራ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። የዐይን ሞራ ግን ሐኪም ደብዛዛውን ሌንስ አውጥቶ፤ በፈንታው ሰው ሠራሽ ሌንስ በመክተት የሚያድነው ነው። የጆሮም ነገር እንደዚሁ ነው። የማይሰማ ሽማግሌ «ምን አላችሁ» ማለቱን አፍሮ ይተወዋል፤ ከዚያም ከጨዋታው ይርቃል፤ ቤተ ሰቡም «አባባ ዝምተኛ ሆኑ» ይላል። ዝምታው ግን ጠባይ ሳይሆን የጆሮ መድከም ሊሆን ስለሚችል፤ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

4ኛ፤ ስለ መድኃኒት። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው በሽታ ስለ ሆነ፤ ሰው ደኅና የሆነ እየመሰለው መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ ያቋርጣል። ደኅና ያደረገው ግን መድኃኒቱ ነው። ግፊቱ ሲለካ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሐኪም ሊያማክር ያስፈልገዋል። ጾም የሚጾም ሽማግሌም፤ በተለይ የስኳር በሽታ ካለበት፤ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋራ ሊነጋገርበት ይገባዋል።

5ኛ፤ ስለ ገንዘብ። በዐዋጅ ቁጥር 714/2003 ስሌት መሠረት፤ አሥር ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለት ነበር፤ ከዚያም በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለት ነበር፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አያልፍም ነበር። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው በዚህ ስሌት የሚደርሰው 55 በመቶ ነው። ይህን ያላወቀ ቤት በመጀመሪያው ወር ይደነግጣል። ስለዚህ ጡረታ ከመውጣት ሁለት ሦስት ዓመት አስቀድሞ፤ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የቤታቸውን ወጪ በአዲሱ ገቢ ልክ ቢሰፍሩ፤ ያለባቸውንም ዕዳ ከፍለው ቢጨርሱ ብልህነት ነው። ለተተኪዎችም መብት ማስረጃ ስለሚያስፈልግ፤ የጋብቻና የልደት ወረቀት በአንድ ሣጥን ተሰብስቦ ይቀመጥ፤ ቦታውንም ሚስትና ልጆች ይወቁት።

6ኛ፤ ስለ ቤት ውስጥ ሥርዐት። ባል ጡረታ ሲወጣ ሚስት ጡረታ አትወጣም። ቤቱ እስከዚያች ቀን ድረስ የእርሷ መሥሪያ ቤት ነበር። አሁን ትናንት ሹም የነበረው ሰው ቀኑን ሙሉ በዚያው ውሎ፤ የሽንኵርቱን ዋጋና የሠራተኛዋን መውጣትና መግባት መመርመር ቢጀምር ሰላም ይጠፋል። ባል ሆይ፤ በማጀት ላይ አለቃ ለመሆን አትሞክር፤ ይልቁንም አንድ ሥራ ለይተህ ያዝ። የልጅ ልጆችን ትምህርት ማስጠናት፤ አታክልቱን መያዝ፤ የዕድርን ሒሳብ መጠበቅ፤ የተጣሉትን ማስታረቅ ሁሉ ለዕድሜህ የሚገባና ሰው የሚፈልገው ሥራ ነው። የቀኑም ሰዓት እንደ ቀድሞው የተከፋፈለ ይሁን። በ12 ሰዓት የሚነሣ የነበረ በ12 ሰዓት ይነሣ፤ ልብሱንም ለብሶ ይዋል፤ የቀን እንቅልፉም አጭር ይሁን፤ ቀን የተኛ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራልና።

ከመንግሥት ሥራ የተለየ ሰው ከአገሩ ጥቅም የተለየ አለመሆኑን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በተግባር አሳይተዋል። በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ካገለገሉ በኋላ፤ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ወዲያ ወንጀለኛው ዳኛን በ1974 ዓ.ም.፤ የልምዣትን በ1980 ዓ.ም. አሳትመዋል። ሁሉም ሰው ደራሲ ይሁን ማለታችን አይደለም። ሆኖም አርባ ዓመት መንግሥትን ያገለገለ ሰው፤ ያየውንና የሠራውን ለልጆቹ በአንድ ደብተር ጽፎ ቢያኖር፤ ጧት የሚያስነሣው ምክንያት ያገኛል፤ ልጆቹም ከርስት የማያንስ ቅርስ ይወርሳሉ።

ልጆች ሆይ፤ ወላጆቻችሁን ስትጦሩ እንጀራውንና መድኃኒቱን ብቻ አታስቡ። ምክራቸውን ጠይቁ፤ ጥያቄአችሁም ለወግ ያህል ሳይሆን ልትፈጽሙት ይሁን። የሚችሉትንም ሥራ ከእጃቸው አትውሰዱ። ጡረታ የወጣህም አንባቢ ሆይ፤ ዕረፍት የተሰጠህ ከሹመት ነው እንጂ ከመኖር አይደለምና፤ ነገ ጧት ከዘራህን ይዘህ ከደጅህ ውጣ።