ሣሩን የጠበቀው ሕግ፦ የመንዝ ጓሳ እንደ ታሪካዊ ቅርስ



በጃፓን ወደ ካናዛዋ ከተማ የሚሄድ እንግዳ ከግንቡ አጠገብ ያለውን ኬንሮኩኤን የተባለ የአትክልት ሥፍራ ሳያይ አይመለስም። የማኤዳ መሳፍንት ትውልድ በትውልድ ያበጁት ይህ ሥፍራ በ1874 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፍቷል። በየዓመቱ የበረዶው ወራት ሲቃረብ አትክልተኞች የጥዶቹን ቅርንጫፎች በገመድ ወጥረው ከመሰበር ያድኗቸዋል። እዚያ ቅርስ የሚባለው ዛፉ ብቻ ሳይሆን የማይቋረጠው ጥበቃም ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ መንዝ እንመለስ። ታሪካዊ ሥፍራ ስንጠየቅ ጣታችን ወደ አብያተ ክርስቲያናትና የሸዋ ነገሥታት ወደ ፈለቁበት ምድር ያመለክታል። ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጓሳ፣ ግንብም ሐውልትም ባይኖረው፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ታሪካዊ ሥፍራ ነው።

ሕጉ ቀሮ ይባላል። ሥፍራው ለአስቦና ለጌራ፣ ማለትም ለሁለቱ አቅኚ አባቶች ተወላጆች ተከፍሎ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በመረጡት አባ ቀራ ይተዳደር ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ይከለከላል፤ ሲፈቀድ ሁሉም በሥርዓት ያጭዳል። ጓሳ ለመንዝ ሰው ጌጥ አይደለም፤ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ በዝናብ የሚለበስ ገሳ ነው። በዚሁ ጥበቃ ጥላ ሥር ቀይ ቀበሮና ጭላዳ፣ ጅብራም ሳይቀር፣ እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። ኬንሮኩኤንን ያቆየው የአትክልተኛው እጅ ነው፤ ጓሳን ያቆየው ግን እጅን መሰብሰብ ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ይህን መሠረት ነቀነቀው። ርስት ላልነበራቸው ሰዎች የመጠቀም መብት መክፈቱ ፍትሐዊ ነበር፤ በትውልድ ሐረግ ላይ የቆመው ቀሮ ግን ሕጋዊ ኃይሉን አጣ፤ የመከልከሉም ሥርዓት ላላ። ዛሬ ሥፍራው በነዋሪዎች ኮሚቴዎች የሚጠበቅ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው አሮጌውን ቀሮ መመለስ አይደለም፤ ከልደት መብት ተለይቶ ራስን የመግታት ልማዱ ይጸናል ወይ የሚለው ነው።

ጎብኚ ለቀይ ቀበሮ ብሎ ይመጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን እንስሳውን ብቻ አሳይተን ሕጉን ከዘነጋን፣ ያሳየነው የቅርሱን ግማሽ ነው። ድንበሩንና የመከልከያውን ወግ የሚያውቁ አረጋውያን ገና በመካከላችን አሉ። የታሪክ፣ የሕግና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ከዚያ ጀምሩ።