የአባቴ ሙያዎችና አባባሎች

ቶጎጫሌ ላይ የአባቴን ሥራ ብትጠይቁ መልሱ እንደ ሰዉ ይለያያል። ትልልቆቹ የከብት ደላላ ይሏቸዋል፣ ሾፌሮች ጎማ ጠጋኝ፣ የሰፈር ልጆች ደግሞ ባለ ሻይ ቤት። ሁሉም ልክ ናቸው።

ከተማችን የሶማሌላንድ ጎረቤት ናት፤ ገበያዋም ከበርበራ ወደብ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ሰግታ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ እንስሳትን ስታግድ የበግና የፍየል ንግዱ ቀዘቀዘ። የአባቴም ድለላ አብሮ ቆመ።

«አንድ ጣት ፊት አያጥብም» የሚል የሶማሊ ብሂል አለ። ሌላው ሰው ስለ መተባበር ይጠቅሰዋል፤ አባቴ ግን ስለ ሙያ ነው የሚሉት። ያኔ ቀን ጎማ መጠገን፣ ማታ ሻይ ማፍላት ጀመሩ። ደብተር በሚገዙልን ቀን ሌላውን ያስከትላሉ፦ «ዕውቀት ማጣት ብርሃን ማጣት ነው።» እገዳው እስኪነሳ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ከአምስታችን አንዳችንም ከትምህርት አልቀረንም።

በ2002 ዓ.ም. ገበያው ሲከፈት ወደ በጎቹ ተመለሱ፤ ጎማውንና ሻዩን ግን አልተዉም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ «የገቢ ምንጭን ማብዛት» የሚል ርዕስ ስማር፣ መምህሩ ስለ አባቴ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ጎማውን ወንድሜ ተረክቧል። እሳቸው ግን ሰሞኑን ዶሮ ማርባት ጀምረዋል። «አባ፣ አሁንስ ይረፉ» ስንላቸው መልሳቸው አጭር ነው፦ «ዕረፍት ገበያ አይወጣም።»