ችግኙ የት ይተከል?



በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሥፍራ ጠዋት ታክሲ የጠበቀ ሰው አንድ ነገር በሚገባ ያውቃል። ወደ አንድ ሰፈር የሚያደርሱ መንገዶች ሦስት አራት ከሆኑ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይኬዳል። መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ ግን እዚያ ላይ አንድ መኪና ሲበላሽ ሁሉም ይቆማል። የዱር እንስሳትና የዛፍ ዘርም እንዲሁ መንገድ እንደሚያስፈልጋቸው በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንወዳለን።

ከከተማችን ርቀን ደቡብ ጎንደርን እንመልከት። የቀድሞው ደን ለእርሻና ለግጦሽ ስለተመነጠረ፣ አገር በቀል ዛፎች በአብዛኛው ተጠብቀው የቆዩት በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በዚያ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል። ይሁን እንጂ ደኖቹ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት ተለያይተው ቆመዋል። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ዘሩን በሌላ ሥፍራ ትጥላለች። ይህ መመላለስ ሲቋረጥ በአንዱ ደን የጠፋው ዛፍ ከጎረቤቱ ደን ተመልሶ አይመጣም።

እነዚህን መተላለፊያዎች በካርታ ላይ ለማየት የሚረዱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። በነፃ ይገኛሉ፤ አሠራራቸውም ስላልተደበቀ ማንኛውም ባለሙያ ሊመረምራቸውና ሊያሻሽላቸው ይችላል። አንዱ ሰርኪትስኬፕ ይባላል። ሐሳቡን በ2006 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አሜሪካዊው ተመራማሪ ብራድ ማክሬይ ናቸው። እርሳቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም ሌሎች ሥራውን ቀጥለውበታል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ካርታው በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። ለእያንዳንዱም የእንቅፋት ቁጥር ይሰጠዋል፦ ለደን ዝቅተኛ፣ ለቁጥቋጦ መካከለኛ፣ ለታረሰ ሜዳ ከፍተኛ። ከዚያም ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ኮረንቲ የተለቀቀ ያህል ይሰላል። ኮረንቲ በአንድ መስመር ብቻ አይሄድም፤ ባገኘው መንገድ ሁሉ ይከፋፈላል። መተላለፊያው በጠበበበት ቦታ ግን ይከማቻል፤ ያም ቦታ በካርታው ላይ ደምቆ ይታያል። በፈረንሳይ አገር የተሠራው ግራፋብ ደግሞ ደኖቹን እንደ ነጥብ፣ መተላለፊያዎቹን እንደ መስመር ይዞ፣ አንዱ ደን ቢጠፋ የቀሩት ምን ያህል እንደሚነጣጠሉ ያሳያል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ብዙ ጊዜ የተከልነውን ችግኝ ቁጥር እንጂ ቦታውን አንጠይቅም። ነገር ግን በጠባቡ መተላለፊያ ላይ የጸደቁ ጥቂት ችግኞች፣ ከሁሉም ርቆ ከተተከለ ብዙ ችግኝ ይልቅ ሁለት ደኖችን ሊያገናኙ ይችላሉ።

ሆኖም ኮምፒዩተር የሚመልሰው የተሰጠውን ነው። የእንቅፋቱን ቁጥር የሚወስነው ሰው ነው፤ ለጉሬዛ የሚከብድ ሜዳ ለወፍ ቀላል ስለሆነ አንድ ካርታ ለሁሉም አይሆንም። ከዚህም በላይ በካርታው ላይ ደምቆ የታየው ቦታ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ሊሆን ይችላል። ያ ቤተሰብ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ደኖችን ለማገናኘት ብለን ድሃውን ከመሬቱ ብንለየው ሥራችን የተገላቢጦሽ ይሆናል።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ካርታውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ገበሬው እንዲሄዱ እናሳስባለን። ወፎቹ የት እንደሚያርፉ፣ ከብቱ በየት እንደሚሰማራ እርሱ ያውቃል። ምናልባት ማሳው ሳይነካ በድንበሩ ላይ አንድ ረድፍ ዛፍ መትከል ይበቃ ይሆናል። ምእመናንም ለችግኝ ገንዘብ ስትሰጡ፣ «ስንት ተተከለ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «የት ተተከለ? ከብትስ እንዳይበላው ማን ይጠብቀዋል?» ብላችሁ ጠይቁን።