ሩጫ ከእግር አጣጣል ይጀምራል

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ጨረሰ። በጊዜው ከዓለም የሚስተካከለው ሰዓት አልነበረም። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። የሁለተኛው ሯጭ ሰዓት ከእሱ በ4 ደቂቃ ይዘገያል። አበበ ግን መስመሩን እንዳለፈ ወደ ሣሩ ገባና ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ፤ ጎንበስ ቀና አለ፣ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ አንስቶ አንቀሳቀሰ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው የአበበን ብርታት ለማሳየት ነው፤ እውነትም ብርታት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሣሩ ላይ የሠራው ነገር ራሱ ነው። ያ እንቅስቃሴ ማንኛውም የስፖርት መምህር ተማሪዎቹን አሰልፎ የሚያሠራው ተራ ማፍታቻ ነው። ከዓለም አንደኛ የሆነው ሰው በዚያ ትልቅ ቀን የጀማሪውን ትምህርት አልዘለለም። ወዳጆቼ፣ ላስረዳችሁ የጓጓሁት ይህንኑ ነው፦ ታላቁ ሯጭና ጀማሪው የሚለማመዱት መሠረት አንድ ነው። የሚለያዩት በሚሰጡት ትኩረትና ሳይሰለቹ በመደጋገማቸው ነው።

እዚህ በከምባታዋ ዳምቦያ ማለዳ ተነስተው የሚሮጡ ልጆች ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው “ስንት ኪሎ ሜትር ሮጥክ?” ነው። “እግርህ መሬት ላይ እንዴት አረፈ?” የሚል ብዙም አይሰማም። ጽናት በኪሎ ሜትር እንደሚገነባ አልክድም። ነገር ግን አረጋገጡ ያልተስተካከለ ሯጭ ኪሎ ሜትር በጨመረ ቁጥር ያንኑ ስህተት በብዛት እየተለማመደ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ጎበዝ የማራቶን ሯጭ በደቂቃ 180 ጊዜ ያህል ይረግጣል። ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቢጨርስ 23,400 ጊዜ ረገጠ ማለት ነው። አሁን ይህ ሯጭ በየእርምጃው ከሚያስፈልገው በላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ላይ ይነጥራል እንበል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለዓይንም አትታይም። በ23,400 ስትባዛ ግን 234 ሜትር ትሆናለች። ጓደኛው ሜዳ ላይ ሲሮጥ እሱ የገዛ ሰውነቱን 234 ሜትር ሽቅብ ተሸክሞ ወጣ ማለት ነው። 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ “ጉልበቴ ከዳኝ” ቢል ጉልበቱ የት እንደፈሰሰ አሁን እናውቃለን።

መሠረቱ ምንድን ነው? ብዙ አይደለም። እግር ከሰውነት በታች ይረፍ፤ ከፊት ተወርውሮ ሲያርፍ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ይሆናል። ደረት ቀና፣ ትከሻ ልል ይሁን፤ ትከሻ ወደ ጆሮ ሲሳብ ትንፋሽ ይጠብባል። ክርን ይታጠፍ፣ ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዝ፤ እጅ ደረትን አቋርጦ ሲሄድ ወገብም አብሮ ይጠማዘዛል። እጅ ይጨበጥ፣ ግን አይጥበቅ። አለቀ። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሰውነት ሳያስብ እንዲሠራው ለማድረግ ግን ዓመታት ይጠይቃል።

አንዱን ልምምድ ቀረብ ብለን እንየው፤ ጉልበት ከፍ ማድረግን። ደልዳላ ሣር ላይ 20 ሜትር ያህል ለኩ። መጀመሪያ በእርምጃ ሂዱ። ቀኝ ጉልበት እስከ ዳሌ ቁመት ይነሳል፤ የእግር ጣቶች ወደ ላይ ይቀሰራሉ፤ ግራው እግር ቀጥ ብሎ ይሸከማል፤ የግራ ክንድ ከቀኝ ጉልበት ጋር እኩል ወደ ፊት ይመጣል። ከዚያ እግሩ ወደ ፊት ሳይወረወር ቀጥ ብሎ ከዳሌ ሥር ይወርዳል። ጥቅሙ ያለው እዚህች አወራረድ ላይ ነው። ብዙ ልጆች ጉልበት ማንሳቱን ያስባሉ፣ ማውረዱን ይረሳሉ፤ ደረታቸውን ወደ ኋላ ለጥጠው እግራቸውን ወደ ፊት ይጥላሉ፤ ልምምዱም ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። በእርምጃ ሲስተካከልላችሁ በእንጣጥታ፣ ቀጥሎ በፈጣን ምት ሥሩት። ሦስት ምልልስ በደንብ ከተሠራ አሥር ምልልስ በግዴለሽነት ከሚሠራ ይበልጣል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ይህ ልምምድ የሚሠራው ሶምሶማ ሮጠን ከተሟሟቅን በኋላ፣ ድካም ሳይመጣ ነው። አእምሮና ጡንቻ እንቅስቃሴን የሚይዙት በተደጋገመበት መልክ ነው። ደክሞን ስንደጋግመው የሚያዘው የደከመው መልክ ይሆናል።

ኃይሌ ገብረሥላሴን አስታውሱ። አርሲ ውስጥ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድ ነበር፤ ደብተሮቹን በግራ እጁ ይዞ። ዓለም አቀፍ ትራክ ላይ ደርሶም ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ሰው ታጥፎ ቀረ። ኃይሌ በዚያ ክንድ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆኗልና ስለ ክንዱ ልከራከረው አልደፍርም። የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው፦ በልጅነት በየቀኑ የተደጋገመ ነገር ከሰውነት አይወጣም። ያው የትምህርት ቤት መንገድ ክንዱን እንዳጠፈ ሁሉ እግሩንና ሳንባውን ገንብቶለታል። መደጋገም ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም፤ ሁለቱንም ያጸናል። ጥቃቅኑ ነገር ዋጋ እንዳለው ደግሞ ራሱ ኃይሌ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ አሳይቶናል። ከ25 ዙር በኋላ ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት የለየው 0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር።

ይህ የሩጫ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከእኛ ሰፈር የራቀውን ጎልፍን ተመልከቱ፤ ትንሽ ኳስ በዘንግ መትቶ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው። የዘንጉ ፊት በ1 ዲግሪ ዘወር ብሎ ኳሷ አቅጣጫዋን በዚያችው 1 ዲግሪ ብትስት፣ 200 ሜትር ስትደርስ ከዒላማዋ 3 ሜትር ተኩል ያህል ርቃ ታርፋለች። ስለዚህ ጨዋታው ኳሷ ከመመታቷ በፊት ይወሰናል፤ በአያያዝ፣ በአቋቋም፣ በትከሻ አቅጣጫ። አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ በዚህ ስፖርት ታላላቅ ከሚባሉት ውድድሮች 18ቱን አሸንፏል። ሆኖም በየዓመቱ መጀመሪያ ወደ ልጅነት አስተማሪው ወደ ጃክ ግራውት እየተመለሰ አያያዙንና አቋቋሙን ከሀ ጀምሮ ያስፈትሽ ነበር። ሌላው ታላቅ የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋንም እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመውን ዝነኛ የጎልፍ መማሪያ የጀመረው በዘንግ አያያዝ ነው።

እኛ አገር ይህ እውቀት በየጫካው አለ። እንጦጦ ላይ የሚለማመዱ ሯጮችን ያየ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ በአንድ መስመር ይከተሉታል፤ በባሕር ዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከኋላ ያለው ዓይኑን የፊተኛው እግር ላይ ጥሎ እርምጃውን ከእርምጃው ያዋህዳል። መጠማዘዙ ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፤ ለስላሳው መሬት እግርን ከጉዳት ይጠብቃል፤ መከተሉ ምትን ያስተምራል። በቆጂም እንዲሁ ነው። የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሰሉትን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። የጀመሩትም ማንም መምህር ባለው ነገር ነው፤ በሜዳ፣ በሰልፍ፣ ጉልበት በማንሳትና ክንድ በማወዛወዝ።

ታዲያ እኛ ምን ጎደለን? ደጋ አለን፣ ሣር አለን፣ ኮረኮንች መንገድ አለን። የአምባሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎችም አሉ። ደረጃውን ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ መፎካከር ያስደስታል። ግን አንድ ቀን ቀስ ብላችሁ ውጡት፤ እግራችሁ ሙሉ በሙሉ ይረፍ፣ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ሳይሰበር ቀጥ ይበል፣ ደረታችሁም አይጉበጥ። ጭናችሁ የሚሠራውን ሥራ ያኔ ታውቁታላችሁ።

ትዕግሥቱንም ከቤታችን እናውቀዋለን። የእንሰት ችግኝ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየተነቀለ ደጋግሞ ይተከላል፤ ለምግብ እስኪደርስም ዓመታት ይፈጃል። በየጊዜው መነቀሉን “ወደ ኋላ መመለስ ነው” የሚል ገበሬ የለም።

እንግዲህ ከነገ ጠዋት ጀምሩ። አሥር ደቂቃ ሶምሶማ፤ ቀጥሎ ጉልበት ማንሳት፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ማምጣትና እንጣጥታ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ምልልስ በ20 ሜትር ላይ። ከዚያ 80 ሜትር ያህል፣ በሙሉ ጉልበት ሳይሆን በተስተካከለ አረጋገጥ አራት ጊዜ ሩጡ። ጥንድ ጥንድ ሁኑ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ከጎን ቆሞ የእግሩን አወራረድ ይመልከትለት፣ ያየውንም ይንገረው። ሩጫችሁን ከዚህ በኋላ እንደወትሮው ሩጡ። ስትመለሱ ጓደኛችሁን ስለ ኪሎ ሜትሩ ከመጠየቃችሁ በፊት “መጨረሻ ላይ ሲደክመኝ አሯሯጤ ምን መሰለ?” በሉት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሯጭ፣ የትም ይሁን የት፣ መሻሻል ጀምሯል።